ሁለት ባቡር፣ አንድ ሐዲድ፦ የኢንተርኔቱን መንገድ ማን ይመርጠዋል?

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው። አንዱ ምሥራቁን ከምዕራቡ፣ ሌላው ሰሜኑን ከደቡቡ ያገናኛል። ካርታ ላይ በሁለት ቀለም ተሥለው ሲታዩ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይመስላሉ። መሬት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከስታዲየም ጀምሮ በለገሐር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ አልፎ እስከ ልደታ ድረስ ሁለቱም የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ነው። የሚለያዩት ልደታን ካለፉ በኋላ ነው፤ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ወደ መርካቶና ፒያሳ ይታጠፋል። ስለዚህ ሜክሲኮ ላይ አንድ ባቡር ተበላሽቶ ከቆመ የሚቆመው አንድ መስመር ብቻ አይደለም። ከአያት የመጣውም ከቃሊቲ የመጣውም አብሮ ይቆማል።

ባቡሩ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በዚህ መስመር የተመላለሰ ሰው ይህን ለማወቅ ምህንድስና መማር አላስፈለገውም። በኢንተርኔት ጉዳይ ግን አገሩ በሙሉ ካርታውን አይቶ ሐዲዱን ሳያይ ቀርቷል። ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ጥቅል ዋጋ፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ፎር ጂና ፋይቭ ጂ ነው። «መልእክቱ በየት በኩል ነው የሚሄደው? መንገዱን የሚመርጠውስ ማነው? ያ መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው ሌላ መንገድ በእርግጥ ሌላ ነው ወይስ ስሙ ብቻ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የአንድ ኔትወርክ ጥንካሬ የሚለካው ግን በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

፩. አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ጥሩ መንገድ አይደለም

ከስልክ የሚወጣ መልእክት እንዳለ አይሄድም። ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ፓኬት በየመገናኛው ራውተር ከተባለው መሣሪያ ጋር ይገናኛል። ራውተሩ የመዳረሻውን አድራሻ ያይና «ቀጥሎ ወደዚህ ሂድ» ይለዋል። ራውተሩ ሙሉውን ጉዞ አይነዳም፤ ልክ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ሰው የሚቀጥለውን መታጠፊያ ብቻ ነው የሚያሳየው።

በአንድ ድርጅት ኔትወርክ ውስጥ መንገዱ የሚመረጠው ባብዛኛው በሒሳብ ነው። የሒሳቡ ባለቤት ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለ ሆላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ውስጥ ገበያ ሲዞር ደክሞት ቡና ቤት ተቀምጦ ነበር። ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ አጭሩ መንገድ እንዴት እንደሚገኝ አሰበው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም አሳተመው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ እጅግ ብዙ ራውተሮች መንገድ የሚፈልጉት በዚያ ስልት ነው።

ችግሩ ሁሉም ሰው አጭሩን መንገድ ሲመርጥ አጭሩ መንገድ መታፈኑ ነው። ይህን የሜክሲኮን የማታ ሰልፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። ባለ ሚኒባሱም ባለ ላዳውም አንዱን አቋራጭ ካወቀ አቋራጩ አቋራጭ መሆኑ ይቀራል። በጎን ያለው ሰፊ መንገድ ባዶውን ሆኖ ሰው በጠባቡ ይጋፋል። እንዲያውም ዲትሪሽ ብሬስ የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ አስገራሚ ነገር አሳይቷል። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ፈጣን የመሰለውን ብቻ የሚመርጥ ከሆነ አዲስ መንገድ መጨመር ሁሉንም ሊያዘገይ ይችላል።

የትራፊክ ምህንድስና የሚባለው ሙያ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ሥራው «የትኛው መንገድ አጭር ነው?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ሸክሙን ሁሉ በስንት መንገድ፣ በምን ያህል ድርሻ እናካፍለው? አንዱ ቢቆረጥ የእሱን ሸክም ማን ይወስዳል?» የሚለውን አስቀድሞ መመለስ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 የመረጃ ማዕከላቱን የሚያገናኝበትን ኔትወርክ አሠራር ይፋ ሲያደርግ፣ ብዙዎቹ መስመሮቹ ወደ 100 በመቶ ተጠግተው እንደሚሠሩ፣ አማካዩም 70 በመቶ ገደማ እንደሆነ ገልጿል። የተለመዱት ረጅም መስመሮች የሚሠሩት ከ30 እስከ 40 በመቶ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ ኬብል መግዛት አልነበረም፤ መንገድ የሚመረጥበትን ዘዴ መቀየር ነው። ለድሃ አገር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም። ያለህን በደንብ ማካፈል አዲስ ከመግዛት ይረክሳል።

፪. በኔትወርኮች መካከል መንገዱን የሚመርጠው ውል ነው

ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ ድርጅት ሲኬድ ሕጉ ይለወጣል። ኢንተርኔት አንድ ትልቅ ኔትወርክ አይደለም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የተለያዩ ኔትወርኮች ስምምነት ነው። እነሱን የሚያስተሳስረው ቢጂፒ የተባለ የመግባቢያ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያ ንድፉ እ.ኤ.አ. በ1989 በምሳ ሰዓት በናፕኪን ላይ የተጫጫረ ስለሆነ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ በቀልድ «የናፕኪኑ ፕሮቶኮል» ይሉታል።

በቢጂፒ ኔትወርኮች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ይላል አንዱ። ሌላው ሰምቶ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ለአንድ መዳረሻ ሁለት ወይም ሦስት መንገድ ሲቀርብለት ራውተሩ መጀመሪያ የሚያየው ርቀቱን አይደለም። መጀመሪያ የሚያየው ባለቤቱ የሰጠውን ትእዛዝ ነው፦ «ከዚህኛው ጋር ውል ስላለኝ እሱን አስቀድም»። የመንገዱ እርዝማኔ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በተለመደው አሠራር ኔትወርኩ በቅድሚያ የሚመርጠው ገንዘብ በሚከፍለው ደንበኛው በኩል ያለውን መንገድ ነው። ቀጥሎ ያለ ክፍያ ከሚለዋወጠው እኩያው ጋር ያለውን ይመርጣል። በመጨረሻ ራሱ ገንዘብ በሚከፍልበት አሻጋሪ በኩል ይሄዳል።

ስለዚህ በኔትወርኮች መካከል የመንገድ መረጣ የገንዘብ፣ የውልና የፖሊሲ ጉዳይ ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ አጥር ተጎራብተው በመካከላቸው ውል ከሌለ የአንዱ መልእክት ወደ ሌላው የሚደርሰው ሁለቱም የሚያውቁት ሦስተኛ ወገን ባለበት ቦታ ዞሮ ነው። ያ ሦስተኛ ወገን ያለው አውሮፓ ከሆነ መልእክቱ አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል። ራውተሩ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

ሥርዓቱ በመተማመን ላይ የቆመ ስለሆነም ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ብቻ ሊዘጋ ብሎ «የዩቲዩብ አድራሻ እኔ ጋ ነው» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያው ከአገሩ አምልጦ ወጣና ለሁለት ሰዓት ያህል የዓለም የዩቲዩብ ትራፊክ ወደ ፓኪስታን ጎረፈ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ደግሞ ፌስቡክ በራሱ የጥገና ስህተት የገዛ አድራሻዎቹን ከቢጂፒ አወጣ። ዋትሳፕና ኢንስታግራምን ጨምሮ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ካርታ ጠፋ። ሰርቨሮቹ አልተቃጠሉም፤ የጠፋው ወደ እነሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

፫. ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም። ይህ ስለ ወደብ ሲነሳ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ስለ ኢንተርኔት ሲነሳ ግን ይረሳል። የዓለም ኢንተርኔት በብዛት የሚጓዘው በሳተላይት ሳይሆን በባሕር ወለል ላይ በተዘረጉ ኬብሎች ነው። ኢትዮጵያ ወደ እነዚህ ኬብሎች የምትደርሰው በጎረቤቶቿ በኩል ነው። ዋናው በር ጅቡቲ ነው፣ ሌላው በኬንያ በኩል ሞምባሳ ይደርሳል፣ ሦስተኛው የሱዳን መስመር ነው። በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ጦርነት ያለበት አገር ላይ የተዘረጋ ፋይበር ሪፖርት ላይ «መስመር» ተብሎ ይቆጠራል፤ ሰው ሊተማመንበት ግን አይችልም።

ጅቡቲ ላይ የሚያርፉት የባሕር ኬብሎች ብዙ ናቸው። ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ልብ ያሞቃል። ነገር ግን ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በሙሉ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ይወጣሉ። ወደ ቀይ ባሕር የሚገቡትም በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር አልፈው ነው። ስማቸው ይለያያል፣ ባለቤታቸው ይለያያል፤ የሚተኙበት ባሕር አንድ ነው። ይኸው የስታዲየምና የልደታ ሐዲድ እዚህም መጣ።

ይህ የወረቀት ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሩቢማር የተባለች መርከብ በሁቲዎች ሚሳኤል ተመትታ ባሕሩ ላይ ስትንሳፈፍ መልህቋን እየጎተተች ነበር። በዚያው ሰሞን ሦስት ኬብሎች ተቆረጡ፦ ሲኮም፣ ኤኤኢ-ዋንና ኢአይጂ። የቆረጣቸው ያ መልህቅ ሳይሆን እንደማይቀር ተነግሯል። አንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ በቀይ ባሕር ከሚያልፈው ትራፊክ ሩብ ያህሉ እንደተነካ ገምቷል። ከሦስት ወር በኋላ፣ በግንቦት 2024፣ ደግሞ በደቡብ በኩል በደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ኢሲና ሲኮም ተቆረጡና የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ተንገዳገደ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 እንደገና ቀይ ባሕር ላይ፣ ጅዳ አጠገብ፣ ሌሎች ኬብሎች ተቆረጡ።

ሲኮም የሚለው ስም በሰሜኑም በደቡቡም መቆረጥ ውስጥ እንዳለ ልብ ይሏል። «በሞምባሳ በኩል ሌላ መውጫ አለኝ» ያለ ኔትወርክ በሞምባሳ የሚያገኘው ያንኑ ኬብል ከሆነ ሌላ መውጫ የለውም። ያለው አንድ መውጫ በሁለት በር ነው። ባለሙያዎች ይህን «የጋራ አደጋ» ይሉታል። በደንብ የሚሠራ የትራፊክ ምህንድስና ቡድን የመጀመሪያ ሥራው ምን ያህል መስመር እንዳለው መቁጠር አይደለም። የትኞቹ መስመሮች አብረው እንደሚሞቱ ማወቅ ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረት የሚሠራው ሁለቱ በእርግጥ ሁለት ሲሆኑ ነው።

፬. ከመንገዱ ማዶ ለማዶ

የውጭው መንገድ ጂኦግራፊ ስላለበት ሁሉንም በአንድ ጀምበር ማስተካከል አይቻልም። የአገር ውስጡ መንገድ ግን ምንም ሰበብ የለውም።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያለውን ኑሮ ማሰብ ይበቃል። በዙሪያው የጠበቆች ቢሮ፣ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የሞላበት ሰፈር ነው። አንዱ ጠበቃ የኢትዮ ቴሌኮም መስመር አለው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባልደረባው ደግሞ ሳፋሪኮም ይጠቀማል። አንደኛው ለሌላኛው 20 ገጽ የክስ መልስ ስካን አድርጎ ላከለት። በመካከላቸው ያለው ርቀት በእግር ሁለት ደቂቃ ነው። ፋይሉ የሚሄደው ግን ሁለቱ ኔትወርኮች በተገናኙበት ቦታ ነው። ከተማው ውስጥ ተገናኝተው ከሆነ እሰየው። ካልሆነም ፋይሉ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። ላኪው የተጠቀመበት የኢሜይል ወይም የመልእክት አገልግሎት ሰርቨር ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ሁለቱ አንድ ኩባንያ ቢጠቀሙም ጉዞው አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የሚነበብበት ቴሌግራም ራሱ ማዕከላቱ ኢትዮጵያ ውስጥ አይደሉም። አራት ኪሎ ተጽፎ ልደታ የሚነበብ ጽሑፍ ባሕር ሳያቋርጥ አይደርስም።

እስከ 2015 ዓ.ም መስከረም ድረስ ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሳም ነበር። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት ከገባበት ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ የነበረው አቅራቢ አንድ ነው። አንድ ኔትወርክ ከራሱ ጋር «የት እንገናኝ?» ብሎ አይከራከርም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወስዶ በ2015 ዓ.ም መስከረም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ግን ጥያቄው ተወለደ። ሕዝቡ ያከበረው የውድድሩን ዋጋ ቅናሽ ነው። ከዋጋው ጎን መነሳት የነበረበት «ሁለታችሁ የት ትገናኛላችሁ? በምን ያህል አቅም? ማንስ ይቆጣጠራችኋል?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የሕዝብ ጥያቄ አልሆነም።

ዋጋው በሰዓትም በገንዘብም ይቆጠራል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያስከፍላል። አዲስ አበባ ከለንደን በቀጥታ መስመር 5,900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ከ60 ሚሊሰከንድ አካባቢ በታች ማንም ሊያደርገው አይችልም። ኬብል ደግሞ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ከተማው ውስጥ የሚቀር መልእክት ግን የብርሃኑ ጉዞ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው። አንድ ድረ ገጽ ተከፍቶ እስኪያልቅ ስልኩና ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለሱ ይህ ልዩነት እየተባዛ ይሄዳል። ሰው «ኔትወርክ የለም» ብሎ የሚማረረው አንዳንዴ ኔትወርክ ጠፍቶ ሳይሆን መንገዱ ረዝሞበት ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ባሕር የሚሻገር አቅም የሚከፈለው በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከልደታ ልደታ ለሚሄድ ፋይል የውጭ ምንዛሪ መክፈል ምን ይባላል? «ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባል የለ! ቅርብ ያለው መንገድ ተንቆ ሩቁ በዶላር ይገዛል።

፭. ኬንያ ያለፈችበት፣ ባንኮቹም ያሳዩት

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከል ይባላል። ኔትወርኮች ሁሉ ገመዳቸውን ይዘው የሚመጡበት፣ የአገር ውስጥ መልእክታቸውን እዚያው የሚለዋወጡበት የጋራ ክፍል ነው። ዋና መሣሪያው አንድ ጥሩ ስዊች ነው። ከባዱ መሣሪያው ሳይሆን ስምምነቱ ነው።

ኬንያ ማዕከሏን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ያኔ የዓለም አቀፍ መስመር ብቸኛ ባለመብት የነበረው ቴልኮም ኬንያ «መብቴ ተነካ» ብሎ አቤት አለና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማዕከሉን በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ ዘጋው። የኢንተርኔት አቅራቢዎቹ አንድ ዓመት ከተከራከሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ተመልሶ ተከፈተ። ውጤቱን የኢንተርኔት ሶሳይቲ ጥናቶች መዝግበውታል። የአገር ውስጥ መልእክት መዘግየት ከ200 እስከ 600 ሚሊሰከንድ ከነበረበት ወደ 2 እና 10 ሚሊሰከንድ መካከል ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2012 አገር ውስጥ የሚቀረው ትራፊክ 30 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2020 ወደ 70 በመቶ ደረሰ።

ኢትዮጵያ ራሷም ይህን ነገር በሌላ መስክ ሠርታዋለች። የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም የማይሠራበት ዘመን ነበር። ባንኮቹ ተፎካካሪ ናቸው፤ ሰንጋ ተራ ላይ ፎቆቻቸው ሳይቀሩ በቁመት ይፎካከራሉ። ቢሆንም ብሔራዊ ባንክ ባለበት ኢትስዊች የተባለ የጋራ ተቋም መሠረቱና ካርዶቹ እርስ በርስ ተዋወቁ። ማንም ባንክ ይህን በማድረጉ አልከሰረም፤ ደንበኛውን ለሌላው አሳልፎ የሰጠም የለም። የተገኘው ትርፍ ደንበኛ በየባንኩ ደጃፍ ከመንከራተት መዳኑ ነው። ለገንዘብ የተቻለ ነገር ለፓኬት የማይቻልበት ምክንያት የለም።

፮. የሚነሱ ተቃውሞዎች

ከባድ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊሸሹ አይገባም።

የመጀመሪያው የነባሩ ኩባንያ ነው። «በብዙ አሥር ሚሊዮን የሚቆጠር ደንበኛና በመላ አገሪቱ የተዘረጋ ፋይበር አለኝ፤ አዲስ መጪ በነፃ እንዲጠቀምበት ለምን እፈቅዳለሁ?» የሚል ነው። ይህ ፍትሐዊ ክርክር ነው፤ በዓለም ሁሉ ትላልቅ ኔትወርኮች ይህን ይላሉ። ነገር ግን መለዋወጫው ማዕከል ሰውን በነፃ በአንዱ ፋይበር ላይ አያሳፍርም። ወደ አንዱ ኩባንያ ደንበኛ የሚሄደውን መልእክት ብቻ ነው በቅርብ የሚያስረክበው። የነባሩ ኩባንያ ደንበኛም ያን መልእክት የሚፈልገው ራሱ ነው። ክፍያ ካስፈለገም ተቆጣጣሪው በብር ይተምነው፤ በብር የሚከፈል ክርክር በዶላር ከሚከፈል ዝምታ ይሻላል።

ሁለተኛው «ሕዝቡ የሚያየው ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ ነው፤ የአገር ውስጥ ትራፊክ ኢምንት ነው» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ግን መንስኤና ውጤት ተገላብጦበታል። ትላልቆቹ ኩባንያዎች ብዙ የሚታየውን ይዘት በኮፒ የሚያስቀምጡበት ሰርቨር የሚተክሉት ኔትወርኮች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ኬንያ ከ30 ወደ 70 በመቶ የወጣችው ኬንያውያን ዩቲዩብ ማየት ትተው አይደለም፤ ዩቲዩብ ወደ እነሱ ስለቀረበ ነው። የአገር ውስጥ ድርጅቶችም ድረ ገጻቸውን ውጭ የሚያሳድሩት አገር ውስጥ ያለው ሰርቨር ከሁሉም ኔትወርክ እኩል የሚደረስበት ስላልሆነ ጭምር ነው። መንገድ ሲኖር ሱቅ ይከፈታል።

ሦስተኛው የጸጥታ ክርክር ነው፤ በአደባባይ ብዙም አይነገርም፤ ግን አለ። አንድ በር ለመጠበቅም ለመዝጋትም ይቀላል። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ የአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ይህ ቅለት በተግባር ታይቷል። መዘጋቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚበቃው አንድ እውነት ነው፦ በአንድ ቁልፍ የሚዘጋ ኔትወርክ በአንድ ስህተት፣ በአንድ ኤክስካቫተር፣ በአንድ መልህቅም ይዘጋል። ቁልፉ የያዘውን ሰው መርጦ አይታዘዝም። ሆስፒታሉ፣ ባንኩ፣ ፍርድ ቤቱ በበይነ መረብ ላይ በቆሙበት ዘመን የአንድ በር ምቾት የአገር ደኅንነት ሊባል አይችልም፤ የአገር ደኅንነት ጉድለት ነው።

፯. ምን ይደረግ?

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲቋቋም ኔትወርኮች እርስ በርስ እንዲገናኙ የማስገደድ ሥልጣን ይዞ ነው። ይህ ሥልጣን በድምፅ ጥሪ ላይ ብቻ ሊቆም አይገባም። ተነሥቶ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መልእክት ከአገር እንዳይወጣ ግዴታ መደረግ አለበት። መገናኛውም ከሁለቱ ኩባንያዎች በአንዳቸው ግቢ ሳይሆን ገለልተኛ በሆነ ቦታ፣ ቢቻል ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ሊሆን ይገባዋል።

ኩባንያዎቹ ደግሞ «ይህን ያህል ቴራቢት አቅም አለን» ከሚለው መግለጫ ጎን ሌላ ነገር ሊያቀርቡ ይገባል፦ ከአቅሙ ምን ያህሉ አንዱ መንገድ ሲቆረጥ ይቀራል? ይህን ለሕዝብ በዝርዝር ማሳየት ለጸጥታ ያሰጋል ከተባለ ለተቆጣጣሪው ያሳዩ። ነገር ግን አንድ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ትልቁ ኃይል ያለው ግን በገዢዎቹ እጅ ነው። ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ፍርድ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች «መጠባበቂያ» ብለው ሁለተኛ መስመር ይገዛሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ዋጋውንና ፍጥነቱን ነው። የሚጠይቁት ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ጋር የት የት ላይ እንደሚገናኝ መሆን ነበረበት። ሁለት ኩባንያ ስለሆነ ሁለት መንገድ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ ፋይበሮች በአንድ ቦይ ውስጥ ተኝተው ሊሆን ይችላል። ለኮሪደር ልማት፣ ለውኃ ቱቦ ወይም ለሕንፃ መሠረት የሚቆፍር አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ጥርስ ይቆርጣል። በሁለት ቀለም የተሣለ ካርታ ያን ቀን አያድንም። «የሁለቱን መስመር የመሬት ላይ መንገድ በካርታ አሳዩኝ፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው በስንት ሰከንድ እንደሚረከብ እኔ ባለሁበት ሞክሩልኝ» የሚል አንድ አንቀጽ በግዢ ውል ውስጥ ማስገባት ምንም ወጪ የለውም። ብዙ ገዢ ከጠየቀ ሻጩ ይለምደዋል።

ተራው ተጠቃሚም ባዶ እጁን አይደለም። «ትሬስራውት» የሚባለው ነፃ መሣሪያ በማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ይሠራል። የአንድ አገር ውስጥ ድርጅት አድራሻ ሲሰጡት መልእክቱ በየትኞቹ ራውተሮች እንዳለፈ፣ እያንዳንዱም ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ ይዘረዝራል። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መልእክት 100 እና 200 ሚሊሰከንድ ካሳየ አገር ለቆ ወጥቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። አንድ ሺህ ሰው ይህን ሞክሮ ውጤቱን ይዞ ከጠየቀ ጉዳዩ የባለሙያ ሹክሹክታ መሆኑ ይቀርና የሕዝብ ጥያቄ ይሆናል።

ስለ ባሕር በር ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። ያኛው ጥያቄ የሌሎች አገሮችን ፈቃድ ይጠይቃል። ከልደታ ሜክሲኮ የሚሄድን መልእክት በከተማው ውስጥ ለማስቀረት ግን የማንም መንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ስዊች፣ አንድ ውል ይበቃል። ኬብል የሚቆረጥበትን ቀን ማንም አያውቅም። በዚያ ቀን ራውተሩ አዲስ መንገድ አይፈጥርም። ሰዎች አስቀድመው ካዘጋጁለት ውስጥ አንዱን ይመርጣል፤ ካላዘጋጁለትም ፓኬቱን ይጥለዋል። ውሳኔው የሚሰጠው ያን ቀን አይደለም፤ ዛሬ ነው።